ቤት ሲያፈስ ማንን እንጥራ?

በዚህ መጽሔት ስለ ግጥምና ስለ ፍልስፍና፥ ስለ አገር ዕድገትና ስለ ተማሪው ኀላፊነት ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ የማነሣው ግን ስለ ቆርቆሮ፥ ስለ ጭቃና ስለ ምስማር ነው። «የአርት ፋኩልቲ ተማሪን ከምስማር ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ወንድም ወይም እኅት ቢኖር መልሴ አጭር ነው፤ መርጡለ ማርያም የሚገኘው የእናቴ ቤት ሲያፈስ ውሃው የሚወርደው እኔ በምተኛበት አልጋ ላይ ነው።

ሐሳቤን አስቀድሜ ልናገር። ቤታችንን የሚጠግንልን ሰው በምንፈልግበት ጊዜ፥ ሠራተኞቹ ራሳቸው ባለቤቶች የሆኑበትን ማኅበር፥ በቀን ሠራተኛ ከሚያሠራው ተቋራጭ አስቀድመን ብንጠራ እንጠቀማለን እላለሁ። ይህንን የምለው ለማኅበሩ ልጆች በማዘን አይደለም፤ ለቤቱ በማዘን ነው።

ነገሩ የጀመረው በ2014 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። እናቴ ዝገት የበላውን ጣሪያዋን ለማስለወጥ ከአንድ ተቋራጭ ጋር ተዋዋለች። ሰውየው አንደበተ ርቱዕ፥ ወረቀቱም ባለ ማኅተም ነበር። የሒሳቡን እኩሌታ በቀብድ ከተቀበለ በኋላ ሥራውን በቁርጥ ለሌላ ሰው አሳለፈው፤ ያም ሰው ሦስት የቀን ሠራተኞች ይዞ መጣ። በልጆቹ ላይ ክፋት አላየንባቸውም። ነገር ግን ጣሪያው ቢጸናም ባይጸናም ማታ የሚቀበሉት ገንዘብ ያው ነው፤ «ቶሎ ጨርሱ» የሚላቸው እንጂ «ደኅና አድርጋችሁ ምቱ» የሚላቸው አልነበረም። በውሉ ላይ ባለ 32 ጌጅ ተብሎ የተጻፈው ቆርቆሮ ባለ 35 ሆኖ መጣ። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው እየሳሳ እንደሚሄድ ከቤታችን የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ፥ እናቴ እንዲያውም የተጨመረላት መስሏት መርቃቸዋለች። ምስማሩም በቆርቆሮው ጉብታ ላይ መመታት ሲገባው፥ ውሃ በሚወርድበት በሸለቆው ላይ ተመታ። የሐምሌ አቦ ዕለት ዝናቡ ሲመጣ በየምስማሩ ቀዳዳ ገባ። እኔም አልጋዬን ከአንዱ ማዕዘን ወደ ሌላው እየጎተትሁ አደርሁ።

ስልክ ተደወለ። ተቋራጩ «ሥራውን የያዘው እገሌ ነው፤ እሱን ጠይቁ» አለ። እገሌ ደግሞ «ጥፋቱ የሠራተኞቹ ነው» አለ። ከሠራተኞቹ አንደኛው ለሰሊጥ አረም ወደ መተማ ወርዷል፤ የሌሎቹን ስም እንኳ የሚያውቅ አልተገኘም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፥ ሕንፃ የሠራ ተቋራጭ ለሥራው ጽናት እስከ 10 ዓመት ድረስ ዋስ እንዲሆን ያዛል። ሕጉ ደግ ሕግ ነው። ይሁን እንጂ ጎመንና ሽንኩርት ሸጣ የምታድር ሴት ስለ አንድ ጣሪያ ስንት የገበያ ቀን በፍርድ ቤት በረንዳ ላይ ልትውል ትችላለች? እናቴ ነገሩን ለአቦ ሰጥታ ባልዲ ደቀነችበት።

እኔ እንደሚመስለኝ ችግሩ የአንድ ሰው ክፋት ብቻ አይደለም። ችግሩ ከጥገና ሥራ ጠባይ የሚመጣ ነው። ሎሚ ገበያ ላይ ታሽቶ ይገዛል፤ በሬም ጥርሱ ታይቶ ይገዛል። የተጠገነ ቤት ግን ጥፋቱ በጭቃና በቆርቆሮ ተሸፍኖ ነው የሚሰጠን። ማገሩ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯልን? ጭቃው ከጭዱ ጋር በደንብ እስኪብላላ ድረስ ቀናት ተቀምጧልን፥ ወይስ ተቦክቶ በዚያው ቀን ተለጥፏል? የቋሚው እግር ወደ ጉድጓድ ከመውረዱ በፊት ምስጥ እንዳይበላው የተቃጠለ ዘይት ተቀብቷልን? ቆርቆሮው ስንት ሞገድ ተደራርቧል? ይህንን ሁሉ ባለቤቱ አያውቅም፤ ከተማ ተቀምጦ በስልክ የሚያዘው ተቋራጭም አያውቅም። የሚያውቀው መዶሻውን የጨበጠው ሰው ብቻ ነው። እንግዲህ እውነቱን የሚያውቀው እሱ ብቻ ከሆነ፥ በሥራው መጽናት የሚጠቀመው፥ በመበላሸቱም የሚጎዳው እሱ እንዲሆን ማድረግ ይገባል። በቀን ሒሳብ የተቀጠረው ሰው ከሁለቱም የለበትም። የማኅበሩ አባል ግን ከሁለቱም አለበት።

በማግሥቱ ዓመት፥ በግንቦት 2015፥ በከተማችን ከቴክኒክና ሙያ ተመርቀው የተደራጁ ስድስት ወጣቶች መኖራቸውን ለእናቴ ነገርኋት። ሁለቱ አናጢዎች፥ አንዱ ግንበኛ፥ አንዱ የኤሌክትሪክ፥ አንዱ የቧንቧ ሠራተኛ ሲሆኑ ስድስተኛዋ ሒሳብ የምትይዝ፥ ቀለምም የምትቀባ ልጅ ናት። እናቴ «ማኅበር» የሚለውን ቃል ስትሰማ ፊቷን አጠቆረች። «የማኅበርን ነገር ተወኝ፤ የአባቴን በሬ የወሰደው ማኅበር ነው» አለችኝ።

እውነቷን ነው። በደርግ ዘመን፥ ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ የአምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበር ሲቋቋም፥ የገበሬው መሬትና በሬ የጋራ ተባለ። በደጀን ወረዳ ያለችው የትኖራ በዚያን ጊዜ በአርኣያነት የምትጠቀስ ነበረች። ነገር ግን በየካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥት «ቅይጥ ኤኮኖሚ» ብሎ በሩን ገርበብ ባደረገ ጊዜ፥ የጎጃም ገበሬ ማኅበሩን ለመበተን አንድ የእርሻ ወራት እንኳ አልጠበቀም፤ እያንዳንዱ በሬውን እየነዳ ወደ ቤቱ ገባ። ይህንን የምናገረው የእናቴ ጥርጣሬ ከአላዋቂነት የመጣ እንዳይመስላችሁ ነው። በግድ የገቡበት፥ ዕቅዱ ከላይ የሚመጣበት፥ መውጣት የማይቻልበት ነገር ስሙ ማኅበር ቢሆንም ሠራተኛው ባለቤት አልነበረም፤ ጌታው ተለወጠበት እንጂ። እኔ የምናገርለት ማኅበር በፈቃድ የሚገቡበት፥ ሲያስከፋም የሚወጡበት ነው። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147፥ በኋላም እሱን የተካው የ2009 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 985 ለአንድ አባል አንድ ድምፅ የሚል መሠረት አላቸው፤ ባለ ብዙ ዕጣም ቢሆን ድምፁ አንድ ነው። እርግጥ ነው፥ ብዙዎቹ የወጣት ማኅበራት የሚመዘገቡት በዚህ አዋጅ ሳይሆን በጥቃቅንና አነስተኛ ሥር በሽርክና ስም ነው። ለቤት ባለቤቱ ግን የምዝገባው ስም ብዙም አያስጨንቀው፤ ገንዘቡን ማን ይካፈላል፥ ውሳኔውንስ ማን ይሰጣል የሚለው ነው ዋናው።

እናቴ በመጨረሻ የተስማማችው በእኔ ክርክር ተረትታ አይደለም። የአንደኛው አናጢ እናት የዕድሯ አባል ስለ ሆነች ነው።

ልጆቹ የጠየቁት ሒሳብ ከዓመት በፊቱ ተቋራጭ ይበልጥ ነበር፤ ይህን አልደብቅም። የሥራ መሣሪያ እንጂ ካፒታል የሚባል ስለሌላቸው ቆርቆሮውንና ምስማሩን እናቴ ራስዋ እንድትገዛ ጠየቁ። ይህ መጀመሪያ ጉድለት መስሎን ነበር። ነገር ግን አንዱ ልጅ አብሯት ሱቅ ሄዶ፥ ባለ 32ቱንና ባለ 35ቱን ጌጅ ጎን ለጎን አስይዞ፥ በጣቷ እያስዳሰሰ «እማማ፥ ይኸኛውን ጫን ይበሉት፤ ይኸኛውንም ጫን ይበሉት» አላት። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ በቆርቆሮ ሥር ኖራ ቆርቆሮን ያወቀች ያን ዕለት ነው። ዛሬ ከጎረቤት ቆርቆሮ የሚገዛ ሁሉ እሷን ይዞ ይሄዳል።

አሁን የምናገረውን በዓይኔ አይቻለሁ። በሦስተኛው ቀን አንደኛው አናጢ በምሥራቅ በኩል ያለውን ሁለት ሜትር ያህል ማገር የበሰበሰ እንጨት ሳይለውጥ ቆርቆሮ አለበሰበት። ሒሳብ ያዥዋ ልጅ ወጥታ አየችና ሌሎቹን ጠራች። በግቢው መካከል ክርክር ሆነ። «ማን ያየዋል?» አለ አናጢው። «ሲወድቅ እኛው ነን የምንመልሰው፤ ከአንተ ድርሻ ብቻ ሳይሆን ከስድስታችንም ድርሻ ነው የሚነሣው» አሉት። አናጢው እያጉረመረመ ወጥቶ ፈታው። እናቴ ቡና እያፈላች ሁሉንም ትሰማ ነበር፤ አንድ ቃል መናገር አላስፈለጋትም። የተቋራጩ የቀን ሠራተኞች በነበሩበት ጊዜ አጠገባቸው ቆማ የምትቆጣጠር፥ ባትቆምም የምትሠጋ እሷ ነበረች፤ እዚህ ግን አምስት ተቆጣጣሪ ያለ ደመወዝ ተገኘላት። ነሐሴ ሲጋመስ ማንም ሳይጠራቸው ሁለቱ መጥተው በዝናብ ውስጥ ጣሪያውን ከውስጥ ተመለከቱ። ለምን ቢባል፥ ከተማዋ ትንሽ ናት፤ የሚቀጥለውን ሥራ የሚያገኙት ከእናቴ አፍ ነው።

ጉድለታቸውንም ልናገር። በአሥር ቀን ያልቃል የተባለው ሥራ ሃያ አራት ቀን ፈጀ። ትንሹንም ትልቁንም በስብሰባ ካልወሰኑ አይነኩትም፤ አንድ ቀን ሙሉ የበር ማጠፊያ ከውስጥ ይሁን ከውጭ ሲከራከሩ ዋሉ። እኔ በበኩሌ የእነሱን ስብሰባ ካየሁ ወዲህ የተማሪ ማኅበራችንን ስብሰባ መታገሥ ጀምሬያለሁ።

«ደቦ እያለ ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ?» የሚሉኝ አሉ። ደቦና ወንፈል የአባቶቻችን ጥበብ ነው፤ በወንፈል ዛሬ እኔ ለአንተ፥ ነገ አንተ ለእኔ ስለምንሠራ ማንም በሌላው ቤት ላይ አያላግጥም። እኔም ስለ ሠራተኛ ባለቤትነት የምናገረው ነገር ሥሩ እዚያው ነው ባይ ነኝ። ይሁን እንጂ ደቦ ጎጆ ያቆማል፥ ጭቃ ይለጥፋል እንጂ የኤሌክትሪክ ሽቦ አይዘረጋም። ደቦ ለሚጠራው ሰው ደግሞ ጠላውና እንጀራው ቀላል ወጪ አይደለም፤ ብቻዋን የምትኖር ሴትማ ሃያ ሰው አብልታ ጉልበቱን በጉልበት መመለስ ከወዴት ይሆንላታል? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት እዚህ ላይ አልጠቅስም፤ በየስብሰባው ተጠቅሶ ተጠቅሶ ድሩም አንበሳውም ደክሟቸዋል።

ከዚህ ሁሉ በስተኋላ ግን አንድ የቆየ በሽታ አለ። ተቋራጩን የምንመርጠው ሥራ ስለሚያውቅ ሳይሆን እጁ ንጹሕ ስለ ሆነ ነው። ጭቃ ከነካ ሰው ጋር ውል መፈራረም የሚያሳንሰን ይመስለናል። የመርጡለ ማርያምን ቅጥር የገባ ሰው፥ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እቴጌ እሌኒ ካሠሩት ቤተ ክርስቲያን የቀረውን ፍርስራሽ ያያል፤ ድንጋዩ ላይ የተቀረጸው ጌጥ እስከ ዛሬ ያስደንቃል። ቦታው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በኢየሱሳውያን ካህናት አማካይነት እንደገና ታንጾ ነበር። ያሠሩትን እናውቃለን። ድንጋዩን የጠረቡትን ግን ስማቸውን ልንጠራቸው አንችልም። በአገራችን ሸማኔውን፥ ቀጥቃጩን፥ ሸክላ ሠሪዋን በክፉ ስም መጥራት እንደ ጨዋነት ይቆጠር ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ ማስነገር ያስፈለጋቸው ነገሩ ከልክ ያለፈ ስለ ነበረ ነው። ስድቡ ዛሬ ቀንሷል። ንቀቱ ግን መልኩን ለውጦ በእኛ በተማሪዎቹ ዘንድ ተቀምጧል። ዲግሪ ይዘው ኮብልስቶን የጠረቡትን ልጆች ስንቶቻችን በቀልድ እናነሣቸዋለን? እኔም ስቄባቸዋለሁ። ድንጋይ መጥረቡ አያስቅም፤ የሚያሳዝነው ብዙዎቹ ማኅበራት የተሰጣቸው ሥራ ሲያልቅ አብረው ማለቃቸው ነው።

እንዲህ ያለው ነገር ለአገራችን እንግዳ የሆነ የፈረንጅ ሐሳብ አይደለም። በደቡብ ጎንደር በፎገራ ወረዳ፥ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በዙምራ ኑሩ መሪነት የተቋቋመው የአውራምባ ማኅበረሰብ በሽመናውና በወፍጮው ሠርቶ ገቢውን ለአባላቱ እኩል ያካፍላል፤ የደከሙትንም በጋራ ይጦራል። አኗኗራቸውን በሙሉ ተከተሉ አልልም፤ ሸማውን የሚሸምነው እጅ የመወርወሪያው ባለቤት መሆኑን ግን እዩልኝ። በባሕር ማዶም በስጳኝ በባስክ አገር፥ ሞንድራጎን በምትባል ትንሽ ከተማ ሆሴ ማሪያ አሪስሜንዲያሪየታ የተባለ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1943 የሙያ ትምህርት ቤት ከፈተ። ከዚያ የወጡ አምስት ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1956 የራሳቸውን ትንሽ የምድጃ ፋብሪካ አቋቋሙ፤ ከዚያም የሰፋው የሠራተኞች ማኅበር ዛሬ በዓለም የታወቀ ነው። እዚያም ቢሆን መውደቅ አለ። ከመካከላቸው የቤት ዕቃ ይሠራ የነበረው ፋጎር እ.ኤ.አ. በ2013 ከስሯል። ባለቤትነት ከኪሳራ አያድንም። ነገር ግን እኅት ማኅበራቱ ሥራ ካጡት ብዙዎቹን ተቀብለዋቸዋል።

ስለዚህ ወደ ራሳችን ልመለስ። የኤኮኖሚክስ ተማሪ የሆነ የዶርም ጓደኛዬ «አንድ ተጠያቂ ሰው ካለበት የተሻለ ነው፤ ስድስት ሰው ተጠያቂ ነው ማለት ማንም አይጠየቅም ማለት ነው» ይለኛል። የተናቀ ክርክር አይደለም። መልሴ ግን ያ አንድ ተጠያቂ የተባለው ሰው የት ነበረ የሚል ነው። ከእሱ ሥር ሁለተኛ፥ ከሁለተኛው ሥር ሦስተኛ ሰው አለ፤ ጥፋቱ ወደ ታች ሲወርድ ትርፉ ወደ ላይ ይወጣል። በማኅበሩ ዘንድ ግን ትርፉም ጥፋቱም በአንድ መሶብ ዙሪያ ይቀመጣሉ።

ይልቅስ እኔን የሚያሠጋኝ ሌላ ነው። ስሙ ማኅበር ሆኖ ውስጡ ተቋራጭ የሆነ ሞልቷል። አንድ ገንዘብ ያለው ሰው የአምስት ወጣቶችን መታወቂያ ሰብስቦ ለብድርና ለመሥሪያ ቦታ ሲል ማኅበር ያስመዘግባል፤ ወጣቶቹ ግን በቀን ሒሳብ ያድራሉ። እንዲህ ያለውን ለመለየት ብዙ ምርመራ አያስፈልግም። ውሉን ስትፈራረሙ ሁሉም እንዲመጡ ጠይቁ። ባለፈው የሠሩት ሥራ ትርፉ እንዴት እንደ ተካፈለ ከመካከላቸው ዝም የሚለውን ልጅ ጠይቁት። አንድ ሰው ብቻ የሚናገርና ሌሎቹ መሬት መሬት የሚያዩ ከሆነ፥ ቡናችሁን አጠጥታችሁ አሰናብቷቸው። ቀብዱንም በአንድ ጊዜ አትስጡ፤ ጣሪያው ሲያልቅ፥ ልስኑ ሲደርቅ፥ የመጨረሻው ደግሞ አንድ ዝናብ ከወረደበት በኋላ ይሁን። የእናቴ ልጆች ይህን የመጨረሻውን ሲሰሙ ተያይተው ሳቁ፥ ግን ተስማሙ።

በተለይ በአሁኑ ጊዜ ነገሩ ያስፈልገናል። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በተነሣው ጦርነት የተነሣ መንገድ በየጊዜው ሲዘጋ፥ ከሩቅ የሚጠበቀው ተቋራጭ አይመጣም፤ ቀብድ ከተቀበለም ላለመምጣቱ ጥሩ ምክንያት አገኘ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ቆርቆሮም ምስማርም ሽቦም ዋጋቸው ወጣ፤ በሚያዝያ የተዋዋለ ሰው በሰኔ «ጨምሩልኝ» ይላል። ማኅበሩ ዋጋውን አያወርደውም። ነገር ግን የጉልበት ዋጋውና የዕቃው ዋጋ ተለይቶ ስለሚታወቅ፥ ምን እንደ ጨመረና ስንት እንደ ጨመረ በግልጽ ይታያል። የጉልበቱም ገንዘብ እዚያው ከተማ ውስጥ ይቀራል፤ ቅዳሜ ገበያ እናቴ ለእነሱ ከከፈለችው ከፊሉ በሽንኩርት ዋጋ ተመልሶ እጇ ይገባል።

እናቴ አሁን የጓሮውን ግድግዳ ለማስጠገን ገንዘብ እያጠራቀመች ነው። ምስጥ ሁለቱን ቋሚዎች ከሥር በልቷቸዋል፤ ሦስተኛውንም ጀምሮታል። ከስድስቱ ልጆች ሁለቱ ወደ ባሕር ዳር ሄደዋል፥ የቀሩት አራት ናቸው፤ ሒሳብ ያዥዋ አለች፤ ያ አጉረምራሚው አናጢም አለ። ግንበኛው ከሄዱት አንዱ ስለ ሆነ በእሱ ቦታ ሰው ሳያገኙ ግድግዳውን እንደማይዙ ነግረዋታል። እናቴም «እጠብቃችኋለሁ» ብላቸዋለች። ለፋሲካ ስወርድ፥ መንገዱ ክፍት ከሆነ፥ ጭዱን የማቀርበው እኔ ነኝ።